ስለ ሞናርክ ቢራቢሮና ስለ ጥገኛው ተሕዋስ የጠየቃችሁኝ

ብርቱካናማ ክንፏ በጥቁር መስመር የተሸነሸነው ሞናርክ ቢራቢሮ በየዓመቱ ከካናዳና ከሰሜናዊ አሜሪካ ተነሥታ እስከ ሜክሲኮ ተራሮች ትጓዛለች። እዚህ በአሜሪካዋ ጆርጂያ ለዓመታት ሳሳድጋቸውና ስመረምራቸው ቆይቻለሁ፤ ለደረሱኝ ጥያቄዎች የማውቀውን እነሆ።

ጥያቄ (ከሂውስተን)፦ በግቢዬ ያሳደግኋት ቢራቢሮ ከሙሽሬዋ (አባጨጓሬው ወደ ቢራቢሮ ከሚለወጥበት ሽፋን) ስትወጣ ክንፏ ተጨማዶ ቀረ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞሽ። ወድቃ ወይም ክንፏን የምትዘረጋበት ቦታ አጥታም እንዲህ ልትሆን ትችላለች። ነገር ግን ልትወጣ ሦስት ቀን ገደማ ሲቀራት በአረንጓዴው ሙሽሬ ላይ ግራና ቀኙ የማይመሳሰል ጥቁር ነጠብጣብ አይተሽ ከነበረ፣ ኦፍሪዮሲስቲስ ኤሌክትሮሲራ የሚባለውን ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ጠርጥሪ። በአጭሩ ኦኢ እንለዋለን። ለማረጋገጥ ክንፎቿን ገጥመሽ በሁለት ጣት ያዣት፤ ቁራጭ ግልጽ ፕላስተር ሆዷ ላይ ቀስ አድርገሽ ለጥፈሽ አንሺ፤ እሱን ነጭ ካርድ ላይ አጣብቀሽ በማይክሮስኮፕ እዪው። ትልልቆቹ የቢራቢሮዋ የገዛ ቅርፊቶች ናቸው። በመካከላቸው እጅግ ያነሱ፣ ሎሚ የመሰሉ ቡናማ እንክብሎች ካሉ ስፖር የሚባሉት የጥገኛው መራቢያ ቅንጣቶች ናቸው።

ጥያቄ፦ እንዴት ይተላለፋል?

መልስ፦ በአብዛኛው ከእናት ወደ ልጅ። የታመመች እናት እንቁላል ስትጥል ከሆዷ የሚረግፈው ስፖር እንቁላሉና አባጨጓሬው የሚበላው የሚልክዊድ ተክል ቅጠል ላይ ያርፋል። አባጨጓሬው እንደተፈለፈለ የእንቁላሉን ልባስ ይበላል፤ ጥገኛውንም አብሮ ይውጠዋል። ጥገኛው በሙሽሬው ውስጥ ይባዛል፤ ቢራቢሮዋም ስፖር ለብሳ ትወጣለች። ከዚያ በኋላ መዳን የለም።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ፣ መምህር ነኝ)፦ ጉዞ በሽታን ያዛምታል እንጂ እንዴት ይቀንሳል ይባላል?

መልስ፦ መምህር፣ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ይኸው ነው። ቢራቢሮዎቹ ስፖር የተጠራቀመበትን ተክል ጥለው ይሄዳሉ። በኋላቸው ብርዱ ተክሉን እስከ መሬት ያደርቀዋል፤ በፀደይ የሚያቆጠቁጠው ቅጠል ንጹሕ ነው። ሌላው መንገድ ጭካኔ አለበት፤ ክፉኛ የታመመችው አቅም አንሷት ከመድረሷ በፊት መንገድ ላይ ትቀራለች። ወደ ሜክሲኮ ከሚጓዙት መካከል በጥገኛው ክፉኛ የተያዙት ለረጅም ጊዜ ከ10 በመቶ በታች ነበሩ። ዓመቱን ሙሉ ከቦታቸው በማይነቃነቁት የደቡብ ፍሎሪዳ ሞናርኮች ግን ከ70 በመቶ በላይ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ቁጥራቸው የተመናመነው በዚህ ጥገኛ ነው?

መልስ፦ በእሱ ብቻ አይደለም። ቁጥራቸው የሚገመተው በሜክሲኮ ኦያሜል በሚባሉት ዛፎች ላይ ተጠጋግተው የብርዱን ወራት በሚያሳልፉበት የደን ስፋት ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1996–97 ከ18 ሄክታር በላይ ነበር፤ በ2013–14 ወደ 0.67 ወረደ፤ በ2024–25 1.79 ሆኗል። አባጨጓሬው ከሚልክዊድ በቀር ሌላ አይበላም፤ በአሜሪካ የበቆሎና የአኩሪ አተር ማሳዎች የሚረጨው ፀረ አረም ደግሞ ሚልክዊዱን ጠራርጎታል። የደን መመንጠርና ድርቅም አለ። ጥገኛው የሚያጠቃው በዚህ ሁሉ የተዳከመውን መንጋ ነው።

ጥያቄ (ከሳን አንቶኒዮ)፦ ቀይና ቢጫ የሚያብበውን ትሮፒካል ሚልክዊድ ለእነሱ ብዬ ተክያለሁ። ልንቀለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብዙ ሰው እንዳንተ በፍቅር የተከለው ስለሆነ ይህን መናገር ይከብደኛል። እናንተ ዘንድ ብርዱ ስለማይበረታ ተክሉ አይደርቅም። ቢራቢሮዎቹም ጉዞውን ትተው እዚያው ይራባሉ፤ ስፖሩ በቅጠሎቹ ላይ እየተደራረበ ይከማቻል። የሚገርመው፣ ይህ ተክል ካርዴኖላይድ የሚባል መርዝ ስላለው የጥገኛውን ጉልበት ይቀንሳል፤ የታመሙ እናቶችም እንቁላላቸውን እሱ ላይ መጣል ይመርጣሉ። ቢሆንም ዓመቱን ሙሉ ለምልሞ ሲቆይ ጉዳቱ ያመዝናል ባይ ነኝ። የአካባቢውን ተወላጅ ሚልክዊድ ካገኘህ ተካበት። እስክታገኝ ድረስ ከጥቅምት እስከ የካቲት ከመሬት 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ አስቀርተህ ቁረጠው፤ ሲያቆጠቁጥም ደግመህ ቁረጥ።

ጥያቄ፦ በአንድ ሣጥን ውስጥ መቶ ያህል ባሳድግ ቁጥራቸውን አልረዳም?

መልስ፦ እባክዎን አያድርጉት። አንዲት የታመመች ቢራቢሮ ሣጥኑን በሙሉ ትበክላለች። ጥቂት ብቻ ያሳድጉ፤ ሣጥኑንም በየዙሩ አንድ እጅ በረኪና በአራት እጅ ውኃ በጥብጠው ይዘፍዝፉት፣ ከዚያ በደንብ አለቅልቀው ፀሐይ ላይ ያድርቁት።