ርካሽ ሶሊድ ሞዴሊንግ ሶፍትዌር ለትርፍ ጊዜ ስራ፦ ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄ ያላችሁ ወርውሩ አልኩ፣ እናንተም አላሳፈራችሁኝም። መሀንዲስ አይደለሁም፣ ማታ ማታ ሳጥን፣ ማንጠልጠያ፣ የተሰበረ እቃ መለዋወጫ ምናምን እየሳልኩ በስሪዲ ፕሪንተር የማወጣ ሰው ነኝ፣ ግን ነጻና ርካሽ ከሚባሉት የሶሊድ ሞዴሊንግ (እቃን በልክ በኮምፒውተር የመስራት) ፕሮግራሞች ውስጥ ያልነካካሁት ጥቂት ነው። ወደ ጥያቄዎቹ።

ጥያቄ፦ ዝርዝር አልፈልግም፣ አንድ ስም ብቻ ንገረኝ።

መልስ፦ ፍሪካድ።

ጥያቄ፦ ፍሪካድማ ሞክሬው ተማርሬ ነው የተውኩት። መጀመሪያ የሳልኩትን ስኬች (የእቃውን ጠፍጣፋ መነሻ ስዕል) ተመልሼ ትንሽ ስነካው ፊሌቱ (የጠርዝ ማለስለሻው) ሌላ ጠርዝ ላይ ሄዶ ቁጭ ይላል። ተስተካክሏል?

መልስ፦ የብዙ ሰው ለቅሶ ነው ይሄ። ነገሩ ምን መሰለህ፣ ፕሮግራሙ ጠርዞችን በቁጥር ነበር የሚጠራቸው፣ ጠርዝ 7፣ ጠርዝ 12 እያለ። አንተ ጠርዝ 7ን አለስልስልኝ ትለዋለህ፣ ከዛ ወደኋላ ተመልሰህ ስኬቹ ላይ አንድ ቀዳዳ ስትጨምር ቆጠራው እንደ አዲስ ይሰራና 7 ቁጥር ለሌላ ጠርዝ ይደርሳል፣ ፊሌቱም ምን ያድርግ ቁጥሩን ተከትሎ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2024 በወጣው 1.0 ላይ በጣም ተሻሽሏል፣ ጠርዙ ከየት እንደመጣ መከታተል ጀምሯል፣ አሴምብሊም (ክፍሎችን መገጣጠሚያው) አብሮ ገብቶለታል። ጨርሶ ጠፍቷል ግን አልልህም። እኔ አሁንም የድሮ ልማዴን አልተውኩም፣ አዲስ ስኬች በተሰራው አካል ገጽ ላይ አልጀምርም፣ ከዋናዎቹ ፕሌኖች (ከማይለወጡት መነሻ ገጾች) ርቀቱን በቁጥር ሰጥቼ ነው የማስቀምጠው፣ ፊሌትና ቻምፈር (ጠርዝ በሰያፍ መቁረጥ) ደሞ ሁሌም መጨረሻ። ይሄን ልማድ የያዘ ሰው የትኛውም ሶፍትዌር ላይ ብዙ አይቸገርም።

ጥያቄ፦ ፊውዥን እኮ ነጻ ነው፣ ለምን እሱን አላልክም?

መልስ፦ ለግል ስራ ነጻ ነው፣ አዎ፣ ለአያያዝም ከፍሪካድ ይቀላል፣ አልዋሽም፣ ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚመራ መቁረጫ ማሽን) ያለው ሰው ደሞ ካሙ (ለማሽኑ መመሪያ የሚያዘጋጀው ክፍል) እዛው ውስጥ ስላለ ይወደዋል። ግን ገደቡን አንብብ፦ በአንድ ጊዜ ማስተካከል የምትችለው 10 ፋይል ብቻ ነው፣ ሌሎቹን አርካይቭ አድርገህ ስትፈልግ እየቀያየርክ ነው፣ በሱ ከምትሰራው ስራ በአመት ከ1,000 ዶላር በላይ የምታገኝ ከሆነ ደሞ ነጻው ለአንተ አይደለም። ለብዙዎቻችን ይበቃል። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፣ ሁኔታው ነገ ቢቀየርስ? ደንቡን የሚያወጡት የፊውዥን ባለቤቶች ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ነጻው ላይ ብዙ ነገር ቀንሰውበታል።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ አሮጌ ናት፣ ራሟ 4 ጊጋ ነው። ተስፋ አለኝ?

መልስ፦ አለሽ እህቴ። ኢንተርኔትሽ ጥሩ ከሆነ ኦንሼፕ በብራውዘር ነው የሚሰራው፣ ከባዱ ስሌት እነሱ ሰርቨር ላይ ስለሚካሄድ ማሽንሽ ብዙም አትጨነቅም፣ ስልክና ታብሌት ላይ ሳይቀር ይከፈታል። የሰሩት ድሮ ሶሊድወርክስን (የታወቀውን የመሀንዲሶች ሶፍትዌር) የመሰረቱ ሰዎች ስለሆኑ ከነጻዎቹ ውስጥ በአሰራር ጥራት እኔ አንደኛ የምለው እሱን ነው። አንድ ትልቅ ግን አለው፦ በነጻው አካውንት የሰራሽው ሁሉ ለህዝብ ክፍት ነው፣ ማንም ፈልጎ ማየትና መቅዳት ይችላል፣ ለንግድም አይፈቀድም። ለአበባ ማስቀመጫ ማን ግድ ይለዋል፣ ሸጬ እበላበታለሁ ለምትይው ሀሳብ ግን አይሆንም።

ኢንተርኔት ከሌለሽ ሶልቭስፔስን ሞክሪ። ጥቂት ሜጋባይት ነው፣ ኢንስቶል እንኳን አይፈልግም፣ ፓራሜትሪክ ነው (አንድ ቁጥር ስትቀይሪ ሌላው ይከተላል)፣ ነጻ ነው። ፊሌት የሚባል ነገር ግን የለውም፣ ቀልድ አይደለም፣ ጠርዝ ማለስለስ ከፈለግሽ ስኬቹ ላይ ራስሽ ቅስቱን መሳል ነው።

ጥያቄ፦ ብሌንደር አውቃለሁ፣ በሱ ብቀጥልስ?

መልስ፦ ለቅርጻ ቅርጽ፣ ለአሻንጉሊት፣ ለአኒሜሽን ቀጥል። ክዳኑ ሳጥኑ ላይ ልክ መግጠም አለበት ለምትለው ስራ ግን ትደክማለህ። ብሌንደር የሚያውቀው ቆዳ ነው፣ በሶስት ማዕዘንና በአራት ማዕዘን የተሰፋ ቆዳ። ሶሊድ ሞዴለር ክብ ቀዳዳ ስትለው ክብ መሆኑን፣ ዲያሜትሩንም ያውቃል፣ ከሳምንት በኋላ ግድግዳው ከ2 ሚ.ሜ ወደ 3 ይሁን ብለህ አንድ ቁጥር ስትቀይር ሌላው ራሱ ይከተላል። ብሌንደር ላይ ይሄ እንደገና መስራት ነው።

ጥያቄ፦ ፕሮግራመር ነኝ፣ ማውዝ ይዞ መጎተት ያናድደኛል።

መልስ፦ ኦፕንስካድ። ኪዩብ ከዚህ፣ ሲሊንደር ቀንስበት ብለህ ኮድ ትጽፋለህ፣ ሞዴሉ ይወጣል። ጉዳቱ ስቴፕ ፋይል (ሌላ ሶፍትዌር ላይ ሶሊድ ሆኖ የሚከፈተውን) አያወጣም፣ ፊሌትም በዘዴ ነው። ፓይተን የምትችል ከሆነ ካድኩዌሪ ወይ ቢልድ123ዲ ይሻሉሃል፣ ከስር ያለው ሞተር ፍሪካድ የሚጠቀመው ኦፕን ካስኬድ ስለሆነ ፊሌቱም ስቴፑም አለ። (ፕሮግራመሮች ግን አንድ ኩባያ ለመስራት ሶስት ቀን ላይብረሪ ስታወዳድሩ ነው የማያችሁ።)

ጥያቄ፦ ብከፍል ምን አገኛለሁ?

መልስ፦ ሶሊድወርክስ ለሜከሮች ብለው ለትርፍ ጊዜ ሰሪ በርካሽ አመታዊ ክፍያ ይሰጣሉ፣ እዛ የሰራኸው ፋይል ግን ዋናው የንግድ ሶሊድወርክስ ላይ አይከፈትም። አንዴ ከፍዬ የኔ ይሁን ካልክ አሊበር አቶም አለ፣ ዊንዶውስ ብቻ ነው። ፕላስቲሲቲም አንዴ ተከፍሎ ነው፣ ለቅርጽ ውበት እጅ ላይ የሚጣፍጥ ነገር ነው ግን ፓራሜትሪክ አይደለም፣ ወደኋላ ተመልሰህ ቁጥር መቀየር የለም። ከመክፈልህ በፊት ግን የሲመንስን ሶሊድ ኤጅ ኮሚዩኒቲ ኤዲሽን እይ፣ ለግል ስራ ነጻ ነው፣ ሙሉ ሊባል የሚችል ነው፣ ለምን ብዙ ሰው እንደማያነሳው ግራ ይገባኛል። ድሮዊንግ (የልኬት ስዕል) ላይ ዋተርማርክ (የራሱን ምልክት) ያደርጋል፣ እሱም ዊንዶውስ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ክራክ የተደረገ (ያለ ክፍያ እንዲሰራ የተሰበረ) ሶፍትዌርስ?

መልስ፦ አይ። ነጻው እንደዚህ ሞልቶ እያለ ቫይረስ በገዛ እጅህ አታስገባ።

ጥያቄ፦ ፋይሎቼን በምን ላስቀምጥ? ኤስቲኤል (ለፕሪንተሩ የምንሰጠው ፋይል) አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም! እኔ በዚህ ተቃጥያለሁ። የሆነ ፕሮግራም ላይ (ስሙን ተዉት) አንድ አመት ሙሉ የሰራሁትን ኤስቲኤል ብቻ እያወጣሁ አስቀምጬ፣ አካውንቴ ሲዘጋ እጄ ላይ የቀረው የሶስት ማዕዘን ክምር ብቻ ሆነ። ኤስቲኤል ፕሪንተር ይበቃዋል፣ ለአርትኦት ግን ሙት ነው፣ ሚሊሜትር ይሁን ኢንች እንኳን አይናገርም፣ ኢንቹ እንደ ሚሊሜትር ተነቦ 25.4 እጥፍ ያነሰች እቃ የወጣችላችሁ ታውቁታላችሁ። ስለዚ አንድ ፕሮጀክት በጨረሳችሁ ቁጥር ሶስት ነገር አስቀምጡ፦ የፕሮግራሙን የራሱን ፋይል፣ ስቴፕ፣ እና ኤስቲኤል። ስቴፕ የስራውን ታሪክ አይዝም፣ ስኬቾቹ አይመጡም፣ ግን ሶሊዱ ሶሊድ ሆኖ ይመጣል፣ ሌላ ሶፍትዌር ላይ ከፍታችሁ መቀጠል ትችላላችሁ። ሶፍትዌር ከመምረጣችሁ በፊትም መጀመሪያ የምታዩት ይሄን ይሁን፣ ነጻው ስቴፕ ያወጣል አያወጣም? ካላወጣ ነጻ ነው አልለውም እኔ።

ጥያቄ፦ የ10 አመት ልጄ መጀመር ትፈልጋለች።

መልስ፦ ቲንከርካድ። ብራውዘር ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ነጻ ነው። አንድ ቀን "አባዬ ይሄንን ማዕዘን እንዴት ነው የማለሰልሰው" ስትልህ ወደ ሌላ የመሸጋገሪያ ሰአቷ ደርሷል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የ3 ሚ.ሜ ብሎን ቀዳዳ በ3 ሰርቼ አልገባ አለኝ፣ ሶፍትዌሩ ነው?

መልስ፦ ሶፍትዌሩ ምን በደለህ ወንድሜ። ኤም3 ብሎን ያለ ትግል እንዲያልፍ መደበኛው ቀዳዳ 3.4 ነው፣ ጠበቅ ይበል ካልክ 3.2። በዛ ላይ ፕሪንት ሲሆን ቀዳዳ ይጠባል፣ ፕላስቲኩ ይሰበሰባል፣ ኤስቲኤሉም ክቡን በአጫጭር ቀጥታ መስመሮች ስለሚተካው መስመሮቹ ወደ ውስጥ ይገባሉ። በ3.4 ጀምርና ትንሽ መሞከሪያ ቁራጭ አውጣ፣ ካልገባ 0.1 ጨምር። ቁጥሩን ደሞ በየቀዳዳው አትጻፍ፣ ፍሪካድ ላይ ስፕሬድሺት አለ፣ እዛ አንድ ቦታ አስቀምጠው፣ ሁሉም ቀዳዳ ከሱ ያንብብ።