የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ለአሮጌ ሲቢ ሬዲዮ የውጭ ቪኤፍኦ

ጥያቄ፦ ባለ 23 ቻናል፣ በኤኤም የሚሠራ አሮጌ ሲቢ ሬዲዮ (በ27 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሚሠራ የሕዝብ መነጋገሪያ ሬዲዮ) አለኝ። ስከፍተው ከ37.600 እስከ 37.850 ሜጋኸርዝ የተጻፈባቸው ስድስት ክሪስታሎችና በ10 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሆኑ ስምንት ሌሎች አገኘሁ። ፍሪኩዌንሲውን እንደ ልብ የማዞርበት ቪኤፍኦ (ተለዋዋጭ ኦሲሌተር፣ ማለትም ሞገድ ፈጣሪ ሰርኪዩት) የት ላይ ልቀጥል? ለማስተላለፍና ለመቀበል ሁለት ያስፈልገኛል? (ከቡራዩ)

መልስ፦ አንድ ይበቃዎታል። ሬዲዮዎ ፍሪኩዌንሲውን የሚያገኘው አንዱን ክሪስታል ከሌላው በመቀነስ ነው። በቻናል 1 ሲያስተላልፉ ከ37.600 ላይ 10.635 ተቀንሶ 26.965 ሜጋኸርዝ ይወጣል። ሲቀበሉ ከዚያው 37.600 ላይ 10.180 ተቀንሶ 27.420 ይሆናል፤ ይህ ከሚመጣው 26.965 ጋር ተደባልቆ የ455 ኪሎኸርዝ አይኤፍ (ተቀባዩ የሚያጎላው መካከለኛ ፍሪኩዌንሲ) ይሰጣል። በማስተላለፍና በመቀበል መካከል የሚቀየረው የ10 ሜጋኸርዙ ክሪስታል ብቻ ስለሆነ፣ 37.600ን በቪኤፍኦ ከተኩት ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።

ካውያውን ከማጋልዎ በፊት የቻናል መምረጫው የክሪስታሉን የትኛውን እግር እንደሚያቀያይር በቴስተር ይለዩ። የኦሲሌተሩን ትራንዚስተር ቤዝ (መግቢያ እግር) በኩል ከሆነ ሥራው ቀላል ነው፤ የ37.600ውን ክሪስታል ያንሱና ቪኤፍኦውን መምረጫው ላይ በነበረበት ጫፍ ያስገቡ። ከ5 እስከ 23 ያሉት ቻናሎች አይነኩም። የግራውንዱን በኩል የሚያቀያይር ከሆነ ግን ቪኤፍኦው ሁልጊዜ ቤዙ ላይ ተገናኝቶ ይቀራል። አርጂ-174 ኬብል በሜትር 100 ፒኮፋራድ ገደማ አለው፤ ያ ሁሉ ቤዙ ላይ ሲጫን የቀሩት ክሪስታሎች ሥራ ያቆማሉ። መፍትሔው እዚያው ቦርዱ ላይ፣ ቤዙ አጠገብ ትንሽ ሪሌይ ማድረግ ነው። በሁለቱም መንገድ 22 ፒኮፋራድ ካፓሲተር በተከታታይ ይግባ፤ ኬብሉም በተቻለ መጠን ይጠር።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሲግናሉ ጉልበት ነው። ለቪኤፍኦ የሚሆነው የኤስአይ5351 (ፍሪኩዌንሲ የሚያመነጭ ቺፕ) ሞጁል ወደ 3 ቮልት የሚጠጋ ስኩዌር ሞገድ ያወጣል። እንዳለ ከገባ ሚክሰሩን (ፍሪኩዌንሲዎቹን የሚደባልቀውን ክፍል) ያጨናንቀውና ያልተፈለጉ ፍሪኩዌንሲዎች አንቴናው ላይ ይወጣሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ቻናል 5 ላይ ሆነው፣ ኦሲሌተሩ ኮይል መውጫ ላይ ያለውን ቮልቴጅ በአርኤፍ ፕሮብ (የሬዲዮ ሞገድ ቮልቴጅ መለኪያ) ለክተው ይጻፉት። ቀጥሎ ወደ ቻናል 1 ይመለሱ፤ በቪኤፍኦው መውጫ ላይ ባደረጉት 500 ኦም ፖቴንሽዮሜትር ያንኑ ቁጥር እስኪያገኙ ከዝቅተኛው ጀምረው ቀስ በቀስ ይጨምሩ።

መምረጫው ቻናል 1 ላይ ይቆይ። 2፣ 3 ወይም 4 ላይ ካደረጉት ከቪኤፍኦው ንባብ በላይ 10፣ 20 ወይም 40 ኪሎኸርዝ ይጨምርብዎታል።

በአንዳንድ አሮጌ ሬዲዮዎች የሰርኪዩቱ ግራውንድና የብረት ሻሲው አይገናኙም። ቪኤፍኦውን ከዚያው 13.8 ቮልት እየመገቡ የብረት ሳጥኑን ሻሲው ላይ ካሰሩት ሾርት ሊፈጠር ይችላል፤ አስቀድመው ይለኩ።

ሁሉንም ሙከራ በአንቴና ሳይሆን በዳሚ ሎድ (በአንቴናው ፋንታ ጉልበቱን በሚውጥ ሬዚስተር) ያድርጉ። አራት 200 ኦም፣ 2 ዋት የካርቦን ሬዚስተሮች ትይዩ ሲታሰሩ 50 ኦምና 8 ዋት ይሆናሉ፤ ለ4 ዋቱ ሬዲዮ ይበቃሉ። የሽቦ ጥቅል ሬዚስተር በዚህ ፍሪኩዌንሲ እንደ ኮይል ስለሚሆን አይጠቀሙ። በአየር ላይ ለማስተላለፍ ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። የአማተር ፈቃድ ካለዎት ይኸው ሬዲዮ ወደ 10 ሜትር ባንድ ሊወጣ ይችላል፤ ለ29.000 ሜጋኸርዝ ቪኤፍኦው 39.635 ላይ ይሆናል። ያን ያህል ሲርቁ ግን ከኦሲሌተሩ እስከ አንቴናው ያሉት ኮይሎች ሁሉ እንደገና መስተካከል አለባቸው። የኮይሉን እምብርት በፕላስቲክ መፍቻ ያዙሩ፤ የብረት መፍቻ ልኩን ያዛባል፣ እምብርቱንም ይሰነጥቃል።

ጥያቄ፦ በቢጫ ቲ50-6 ቀለበት ላይ በጠቀለልኩት ኮይል የሠራሁት የ37 ሜጋኸርዝ ቪኤፍኦ ቀን ካስተካከልኩት ቦታ ማታ አላገኘውም። (ከሱሉልታ)

መልስ፦ ጥፋቱ የጠቀለልዎ እጅ አይደለም። የዚያ ቀለበት ኢንዳክታንስ በአንድ ዲግሪ ሙቀት በሚሊዮን 35 ያህል ይለወጣል፤ ፍሪኩዌንሲው የዚህን ግማሽ ይከተላል። በ37.6 ሜጋኸርዝ ይህ በዲግሪ 660 ኸርዝ ገደማ ነው። የኅዳር ቀን ፀሐይ ቆርቆሮ ጣሪያውን ካጋለው በኋላ ማታ ውርጩ ሲመጣ፣ የ10 ዲግሪ ልዩነት ብቻ ከ6 ኪሎኸርዝ በላይ ይወስድዎታል። ኤንፒ0 (በሙቀት እምብዛም የማይለወጥ) ካፓሲተር፣ የራሱ 8 ቮልት ሬጉሌተርና ሙቀት የማያሳልፍ ሳጥን ያሻሽሉታል እንጂ አያድኑትም። በእኛ እምነት በዚህ ፍሪኩዌንሲ ከኮይል ጋር ከመታገል ኤስአይ5351 መግጠም ይሻላል፤ ክሪስታሉ በሚሊዮን 1 ቢንሸራተት እንኳ ለውጡ 38 ኸርዝ ያህል ነው፣ በኤኤም ጆሮ አይለየውም።

ጥያቄ፦ ማይኩን ስጫን ፍሪኩዌንሲው ይዘላል። (ከሰበታ)

መልስ፦ አንቴናውን ነቅለው ዳሚ ሎድ ያስገቡ። መዝለሉ ከቆመ የአንቴናው ሞገድ ቪኤፍኦው ውስጥ እየገባ ነው፤ ሳጥኑን በቆርቆሮ ይዝጉ፣ በሚገቡት የመመገቢያ ሽቦዎች ላይ 10 ናኖፋራድ ወደ ግራውንድ ያድርጉ። ካልቆመ ሬዲዮው ሲያስተላልፍ ቮልቴጁ ወርዶ ነው፤ የሬጉሌተሩን መግቢያና መውጫ ማይኩን ተጭነው ይለኩ።