ባለአክሲዮን ልሁን ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ ሜክሲኮ አካባቢ ነው የምሠራው። ዕቁብ ደርሶኝ 350 ሺህ ብር እጄ ላይ አለ። የመሥሪያ ቤቴ ልጅ አፓርትመንት የሚሠራ ኩባንያ አክሲዮን እየሸጠ ነው ብላ ቢሯቸው ወሰደችኝ። የሕንፃውን ሞዴል በመስታወት ሣጥን አድርገውታል፣ መብራት ሁሉ ይበራል። «በዓመት 30 በመቶ ትርፍ፣ ቤት ስትገዢ ደግሞ ቅናሽ» አሉኝ። ልግባበት?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ደረሰሽ። ዕቁብ የደረሰው ሰው ወዳጁ ብዙ ነው መቼስ።

ቤት የገዛ ሰው ኩባንያውን «ቤቴን አምጣ» ይለዋል። ባለአክሲዮን እንዲህ ማለት አይችልም። ኩባንያው ከከሰረ ባንኩም፣ ሠራተኛውም፣ ቤት ለመግዛት ከፍሎ የሚጠብቀውም ድርሻቸውን ወስደው የተረፈ ካለ ነው ላንቺ የሚደርሰው። ቅናሹም ውል ላይ ካልሰፈረ ወሬ ነው።

እነዚህ ኩባንያዎች ብዙ ጊዜ ቤቱን ሠርተው ሳይጨርሱ ነው ከገዢው ብር የሚሰበስቡት። ብሩ ባንክ ገብቶ ሲታይ ትርፍ ይመስላል፣ ግን ቤቱ እስኪረከብ ድረስ ዕዳ ነው። ስለዚህ ኦዲት የተደረገውን ሒሳብ አሳዩኝ በያቸውና ከደንበኞች የተሰበሰበ ቅድመ ክፍያ የሚለውን ፈልጊ፣ ዕዳው በኩል ታገኚዋለሽ። እሱ በየዓመቱ እያበጠ የተረከበ ቤት ግን ከሌለ፣ 30 በመቶው ከየት ይመጣል? ያንቺው 350 ሺህ ይሆናላ ለቀደመሽ ሰው «ትርፍ» ተብሎ የሚታደለው።

ሌላው የምንዛሬው ጉዳይ ነው። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፣ ብዙም ሳይቆይ 100 አለፈ። ሲሚንቶው እዚሁ ይመረታል፣ ሊፍቱ ግን በዶላር ነው የሚገባው። ከዚያ በፊት ካሬውን በቁርጥ ዋጋ ሸጦ የጨረሰ ኩባንያ ልዩነቱን የሚችለው ከባለአክሲዮኑ ኪስ ነው። የሽያጭ ውላቸው የዋጋ ማስተካከያ፣ ማለትም ወጪ ሲንር ገዢው ላይ ዋጋ የሚያስጨምር አንቀጽ፣ አለው ወይ ብለሽ ጠይቂ። (ቤት ገዢ ብትሆኚ ይሄ አንቀጽ ካለበት አትፈርሚ ነበር የምልሽ።)

መሬቱም የሊዝ ነው። ካርታው በኩባንያው ስም ነው ወይስ በመሥራቹ? ባንክ በመያዣ ይዞታል?

አክሲዮኑን መልሰሽ ልሽጥ ብትዪስ? አክሲዮን የሚሸጥ የሚገዛበት የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያው ጥር 2017 ተከፍቷል፣ ግን እዚያ የሚሸጡት ገበያው ላይ የተመዘገቡት አክሲዮኖች ናቸው። ያልተመዘገበ ከሆነ ገዢ ራስሽ ነሽ የምትፈልጊው። ለሕዝብ የሚሸጥ አክሲዮን ደግሞ የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ያጸደቀው ደንበኛ ሳቢ መግለጫ (ስለ ኩባንያውና ስለ አክሲዮኑ ዝርዝሩን የሚገልጽ ሰነድ) ሊኖረው ይገባል። እሱን ካላሳዩሽ ሻይሽን ጠጥተሽ ውጪ፣ ባለሥልጣኑ ጋ ሄደሽም አጣሪ። «የአገልግሎት ክፍያ» ብለው ከላይ የሚቆርጡት ካለም ተመላሽ መሆን አለመሆኑን በጽሑፍ ይስጡሽ።

እኔ ብሆን ይሄን ሁሉ ሳላይ አምስት ሳንቲም አልከፍልም፣ አይቼም ቢሆን ብሩን በሙሉ አላስገባም። ሞዴሉን ተዪውና በሥራ ቀን ሳይቱ ድረስ ሂጂ። የቆመው ፌሮ ዝጎ ካገኘሽው፣ ጥበቃውን «ሥራ ከቆመ ስንት ጊዜው ነው?» ብለሽ ጠይቂው።