ከጣና ዳር ቀረሶ የተባለው ዓሣ የት ገባ?

ከፎገራ የጻፉልን አርሶ አደር «ማሳዬ ጣና ዳር ነው፤ አልፎ አልፎ መረብ እጥላለሁ። ቀረሶው ከዓመት ዓመት እየጠፋ መጣ። እምቦጩ ይሆን? ባሕር ሸሹ ላይ፣ ማለትም ሐይቁ ሲሸሽ በሚተወው መሬት ላይ፣ ሽምብራ መዝራት ከጀመርኩ ወዲህ ሐይቁን በቅርብ ስለማየው ነው የጠየቅኩት» ብለዋል።

እምቦጩም ዓይነ ጠባቡ መረብም ድርሻ አላቸው። እኔን ያስቆመኝ ግን ሽምብራው ነው። ያ መሬት ደንገል፣ ያ ታንኳ የሚሠራበት የውኃ ዳር ተክል፣ የነበረበት ይመስለኛል፤ ተመንጥሮ ወይም ተቃጥሎ ካልሆነ በቀር እስከ ውኃው ጠርዝ ድረስ አይታረስም።

ቀረሶ የሚራባው ጥልቀት በሌለው የዳር ውኃ ነው። ወንዱ መሬቱን ጎድጎድ አድርጎ ያዘጋጃል፤ እናቲቱ ዕንቁላሉን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። ጫጩቶቹ ከአፏ ሲወጡ የሚሸሸጉት በደንገልና በፊላ ግንዶች መካከል ነው፤ እዚያ ትልቅ ዓሣ እንደልቡ አያሳድዳቸውም፣ ወፍም ከላይ አያያቸውም። ግንዱ ላይ የሚይዘው አረንጓዴ ልጋግም ምግብ ነው። በሞቃት ባሕሮች ዳርቻ ይህን ሥራ የሚሠራው ማንግሮቭ የተባለው ዛፍ በተጠላለፈ ሥሩ ነው፤ ጣና ላይ ግን ያለን ደንገል ነው።

ስለዚህ ከሽምብራው ማሳ በውኃው በኩል ቢያንስ አሥር እርምጃ ስፋት ያለው መሬት ይልቀቁ። በሚያዝያ ወይም በግንቦት፣ ውኃው ሸሽቶ ጭቃው እርጥብ ሳለ፣ ደንገል ካለበት ቦታ ሁለት ሦስት ቡቃያ ያለው ሥር ቆርጠው ያምጡ። ግንዱን አይቁረጡት፤ ክረምት ሐይቁ ሲሞላ ጫፉ ከውኃ በላይ መታየት አለበት። ሥሩን ጭቃ ውስጥ ቀብረው ማዕበል እንዳይነቅለው በችካል ይሰሩት። የሚያስወጣዎ ጉልበት ብቻ ነው። ትልቁ ጠላት ከብት ነው፤ ለጋውን ቡቃያ እየነጨ ስለሚጨርሰው ሥር እስኪይዝ በእሾህ ይጠሩት። ለታንኳ ሲያጭዱም ግማሹን ዘንድሮ፣ ግማሹን ለከርሞ ያድርጉት።

አንድ ነገር ግን ሳልቆጣ አላልፍም፦ በየዓመቱ በጋ ላይ ደንገሉን በእሳት መልቀቅ፣ ብሎም ዓሣ የሚመርዘውን የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጦ ውኃ ውስጥ መበተን። ብርብራ ትልቁን ከትንሹ አይለይም፤ ለአንድ ቀን ወጥ ተብሎ የከርሞው ጫጩት አብሮ ያልቃል። እርስዎ ይህን አያደርጉ ይሆናል፤ ጎረቤትዎ ካደረገ ግን የተከሉት ደንገል ብቻውን አያድንዎትም።

ደንገሉ ከበቀለ በኋላ መረብዎን ከጥጉ አርቀው ይጣሉ፤ በተለይ ከሰኔ እስከ መስከረም።