«ጥሩ ነው» የሚለኝ ብዙ ነው፤ ሼር የሚያደርግልኝ ግን የለም

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበቱ? ነዋሪነቴ ሐዋሳ ሲሆን በአንድ ጤና ጣቢያ የእናቶችና ሕፃናት ክፍል ነርስ ሆኜ እሠራለሁ። ከሥራ ሰዓት ውጪ በፌስቡክ አካውንቴና በከፈትኩት የቴሌግራም ቻናል ስለ ሕፃናት ጤና በአማርኛ እጽፋለሁ። የጀመርኩት ልጆቻቸውን ታቅፈው የሚመጡ እናቶች ብዙውን ጊዜ ከረፈደ በኋላ እንደሚደርሱ እያየሁ ዝም ማለት ስላቃተኝ ነው። እያንዳንዱን ጽሑፍ ከባልደረቦቼ ጋር ተነጋግሬበት፣ ከምንሠራበት መመሪያ ጋርም አመሳክሬ ነው የማወጣው።

ችግሬ ይኸውልዎ። ፒያሳም ሆነ አቶቴ አካባቢ መንገድ ላይ የሚያገኙኝ ሰዎች «በርቺ ሲስተር፣ ጥሩ እየሠራሽ ነው» ይሉኛል፤ ላይክም ያደርጋሉ። ለሌላ ሰው የሚያስተላልፉት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በአንጻሩ አንድ ሌላ ገጽ «ተቅማጥን በአንድ ቀን ያቆማል» ብሎ የለጠፈው፣ የትኛውም የጤና ባለሙያ የማይቀበለው የቅጠል ጭማቂ ከተማውን አዳርሶ እኛው ጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ በተቀመጡ ወላጆች ስልክ ውስጥ ተገኘ። አንዲት እናት «ሲስተር፣ ይሄ ነገር እውነት ነው?» ብላ ስልኳን ስትዘረጋልኝ የተሰማኝን ንዴት ለመግለጽ ይቸግረኛል፤ ስለዚያው ጉዳይ እኔ የጻፍኩት እርሷ ዘንድ አልደረሰማ!

ምክር አልጎደለኝም። አንዲት ጓደኛዬ በየጽሑፉ መጨረሻ «ሼር ያላደረገ ልጅ አይወድም» ብለሽ ጻፊ ትለኛለች። የባለቤቴ ወንድም የታመመ ሕፃን ፎቶ ካልተለጠፈ ማንም ዞር ብሎ አያይም ባይ ነው። ሌላው ደግሞ ገንዘብ ከፍለሽ ቡስት አድርጊው ይለኛል። ጽሑፎቼን ስሜን አጥፍተው የሚወስዱ ገጾች ስላስቸገሩኝ ቻናሌ ላይ ይዘቱ እንዳይወሰድ የሚያግደውን ማስተካከያ አብርቼዋለሁ፤ ፌስቡክ ላይ የምጽፈውም እንደ ድሮው ለጓደኞቼ ነው።

ሦስት ጽሑፎቼን አያይዤ ልኬልዎታለሁ። ሳልዋሽና ሳልለምን ሰዎች እንዲያጋሩልኝ ምን ላድርግ? ወይስ ሰው እውነት አይወድም ብዬ ልተወው?

ሲስተር ነኝ፣ ከሐዋሳ

*

ውድ እህቴ፣

ሰው እውነት ይወዳል ወይስ አይወድም ወደሚለው ከመግባታችን በፊት፣ በደብዳቤሽ መጨረሻ እንደ ዋዛ ጠቅሰሽ ያለፍሻቸውን ሁለት ነገሮች ላንሳ፤ የችግርሽ ከፊሉ ያለው እዚያ ነውና። ቴሌግራም እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 ያመጣው ያ ማገጃ የሚያቆመው ጽሑፍ ወሳጆችን ብቻ አይደለም። እርሱ እስከበራ ድረስ ማንኛውም ተከታይሽ ጽሑፉን ፎርዋርድ ማድረግም ሆነ ፎቶውን ስልኩ ላይ ማስቀመጥ አይችልም። አንዲት እናት ወንዶ ገነት ላለች እህቷ ልላክላት ብትል እንኳ የከለከልሻት አንቺው ነሽ። ዛሬውኑ አጥፊው። ፎርዋርድ የተደረገ ጽሑፍ የቻናልሽን ስም ከላዩ ይዞ ይሄዳል፤ የደረሰው ሰው ስሙን ሲነካው ወደ አንቺ ይመጣል፤ በሌሎች ዘንድ የታየውም ከጽሑፍሽ ግርጌ ባለው የዐይን ምልክት ቁጥር ላይ ይደመርልሻል።

ፌስቡክም እንዲሁ ነው። ከልጥፉ ሰዓት አጠገብ የሰዎች ምስል ያለበት ትንሽ ምልክት ካለ፣ ጽሑፉ የተከፈተው ለጓደኞችሽ ብቻ ነው ማለት ነው፤ ጓደኛሽ ቢያጋራው እንኳ የአንቺ ጓደኛ ያልሆነ ሰው አያየውም። ምልክቱ የዓለም ሉል መሆን አለበት። የቤተሰብሽን ፎቶ ለሕዝብ ክፈቺ እያልኩሽ ስላልሆነ፣ ለጤና ጽሑፎችሽ ራሱን የቻለ ገጽ መክፈቱ ይሻላል። ስምሽን አጥፍተው ለሚወስዱት ደግሞ፣ ጽሑፉን በምስል መልክ ስታዘጋጂ የቻናሉን ስም ከዋናው መልእክት ጋር አያይዘሽ መሐል ላይ አድርጊው፤ ጥግ ላይ ያለ ስም በቀላሉ ይቆረጣል። በበኩሌ፣ ሕፃን የሚያድን ትክክለኛ መረጃ ያለ ደራሲው ስም ቢዞር ብዙም አይከፋኝም፤ ፍርዱን ግን ለአንቺ እተወዋለሁ።

አሁን ወደ ጽሑፎቹ። ደጋግሜ አነበብኳቸው፤ ይዘታቸው ጥንቁቅ ነው፤ አቀራረባቸው ግን ሰው የሚልከው ዓይነት አይደለም። ስለ ተቅማጥ የጻፍሽው «ውድ ተከታታዮቼ እንደምን አላችሁ፤ በዛሬው ጽሑፌ የሕፃናት ተቅማጥን ምንነት፣ መንስኤ፣ ምልክትና ሕክምና አስቃኛችኋለሁ» ብሎ ይጀምርና፣ ትርጓሜውን ሰጥቶ፣ የተህዋስያኑን ዓይነት ዘርዝሮ፣ ኦአርኤስ እንዴት እንደሚበጠበጥ የሚናገረው ወደ ማብቂያው ሲደርስ ነው። ይህ ለፈተና የሚዘጋጅ ተማሪን ይጠቅመዋል። ሌሊት ልጇ ያስቀመጣት እናት ግን እስከዚያ አትደርስም፤ አንብቦ የሚልክላትም ሰው የት ቦታ እንድታይ መንገር ሊኖርበት ነው።

አንድ ሰው ጽሑፍ የሚያጋራው ጸሐፊውን ሊረዳ ብሎ እምብዛም አይደለም። ሲያነብ አንድ የሚያውቀው ሰው ትዝ ስለሚለው ነው፦ አራስ ቤት ያለች ጎረቤት፣ «ልጄ እምቢ ብሎኛል፣ አይበላም» እያለች የምትደውል እህት፣ የመጀመሪያ ልጁን የሚጠብቅ የሥራ ባልደረባ። ስለዚህ ከመጻፍሽ በፊት «ይህንን ማን ለማን ይልከዋል? ሲልክስ ምን ብሎ ይልከዋል?» ብለሽ ጠይቂ። ላኪው ከጽሑፉ በላይ የሚጨምረው «አንቺ፣ ይሄን እዪው» የሚል አጭር ቃል ብቻ እንዲሆን አድርገሽ ጻፊው። ያንኑ ጽሑፍሽን፣ ይዘቱን ሳልነካ፣ በዚህ መንገድ ባሳጥረው ይህን ይመስላል፦

«ልጅሽን ተቅማጥ ከያዘው፣ ጤና ተቋም እስክትደርሺ ድረስ፦ አንድ ከረጢት ኦአርኤስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጪ። በመለኪያ እንዳትቸገሪ የ1 ሊትር ሃይላንድ ፕላስቲክ በደንብ አጥበሽ ተጠቀሚ። በማንኪያ ወይም በስኒ ቶሎ ቶሎ፣ በትንሽ በትንሹ ስጪው። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቀሽ ቀጥዪ። ጡት አታቋርጪ። የተበጠበጠው 24 ሰዓት ካለፈው ድፊው። መጠጣት ካቃተው፣ ዐይኑ ከሰረጎደ፣ ከፈዘዘ ወይም ሰገራው ደም ካለው ግን አንድ ሰዓትም ሳትቆዪ ይዘሽው ሂጂ። ዚንክ የሚታዘዝለት ከ10 እስከ 14 ቀን ነው፤ ተቅማጡ ቢቆምም አታቋርጪበት።»

ይህ በአንድ ምስል ላይ ይገባል፤ በትንሽ ዳታ ይከፈታል፤ ስክሪንሾትም ቢደረግ የሚጎድለው ነገር የለም። ስለ ተህዋስያኑ የጻፍሽውን ማወቅ የሚፈልግ ካለ ከሥሩ በሌላ ልጥፍ ያገኘዋል። የክትባት ጽሑፍሽም እንዲሁ ነው፤ የክትባትን ታሪክ ትተሽ እንደተወለደ፣ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ በ9 እና በ15 ወር የሚሉትን ቀጠሮዎች ብቻ በትልልቅ ፊደል ብታወጪ፣ እናቶች ስልካቸው ላይ የሚያስቀምጡትና ለወለደች ሁሉ የሚልኩት ምስል ይሆናል። ስለ ጡት ማጥባት የጻፍሽው ሦስተኛው ጽሑፍ ደህና ነው፤ ርዕሱን ብቻ አሳጥሪው።

የቅጠሉ ጭማቂ ለምን እንደቀደመሽ ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ሶሩሽ ቮሱጊ፣ ዴብ ሮይ እና ሲናን አራል የተባሉ ተመራማሪዎች ከ2006 እስከ 2017 በትዊተር የተዘዋወሩ ወሬዎችን መርምረው፣ ሐሰተኛው ወሬ ከእውነተኛው ይልቅ መልሶ የመጋራት ዕድሉ በ70 በመቶ የበለጠ ሆኖ አግኝተውታል። ምክንያት አድርገው ካቀረቡት ዋነኛው ሐሰቱ አዲስና አስገራሚ መሆኑ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ2012፣ ጆናህ በርገርና ካትሪን ሚልክማን ወደ 7,000 የሚጠጉ የኒውዮርክ ታይምስ ጽሑፎችን አጥንተው፣ ሰዎች በኢሜይል አብዝተው የሚልኩት የሚያስደንቅ፣ የሚያናድድ ወይም የሚያስጨንቅ ጽሑፍ ሲሆን፣ የሚያሳዝን ጽሑፍ ግን የመላክ ዕድሉ እንደሚቀንስ አሳይተዋል።

ከዚህ ተነስተሽ «እንግዲያው እኔም ላጋንን» እንዳትዪ። መደነቅ የሐሰት ብቻ ሀብት አይደለም፤ በእጅሽ ያለው እውነት ከቅጠሉ ይበልጥ ያስደንቃል፣ አንቺ ግን ከየቀኑ ሥራሽ ብዛት የተነሣ መገረምሽን ትተሻል። እ.ኤ.አ. በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ጊዜ ሕንድ ድንበር ላይ በነበረ የስደተኞች ካምፕ ኮሌራ ሲገባና በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሲያልቅ፣ ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባለ ሐኪም ጨው፣ ግሉኮስ የተባለ ስኳርና ቤኪንግ ሶዳ በውሃ እየበጠበጠ በቤተሰቦቻቸው እጅ ለሕሙማኑ አጠጣ፤ 30 በመቶ ደርሶ የነበረው የሟቾች ቁጥርም ወደ 4 በመቶ ገደማ ወረደ። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት በ1978 ስለዚሁ ግኝት ሲጽፍ ከክፍለ ዘመኑ የሕክምና እመርታዎች ሁሉ ታላቁ ሊሆን እንደሚችል ገልጿል። በየፋርማሲው በርካሽ የሚሸጠው የኦአርኤስ ከረጢት ታሪክ ይህ መሆኑን የምታውቅ ሐዋሳ ውስጥ ያለች እናት ስንት ትሆናለች? ይህንን ጻፊው፤ ሰው «ታውቂ ነበር?» እያለ ይልከዋል።

ጓደኞችሽ የሰጡሽን ምክር በተመለከተ፣ «ሼር ያላደረገ ልጅ አይወድም» የሚለውን አትቀበይ። ማስፈራሪያ መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ ደግሞም ፌስቡክ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2017 ጀምሮ እንዲህ ያሉ ሼርና ላይክ ለማኝ ልጥፎችን ለጥቂት ሰዎች ብቻ እንዲታዩ እንደሚያደርግ አስታውቋል፤ የጠፋ ልጅ ፍለጋን የመሰለ የእርዳታ ጥሪ ግን በዚህ አይነካም። የታመመ ሕፃን ፎቶ የሚለውን ደግሞ ለባለቤትሽ ወንድም በትሕትና፣ ግን በማያሻማ ቃል እምቢ በዪው። ያ ልጅ አድጎ ፊቱን በየሰው ስልክ ላይ ሊያገኘው ነው፤ እናቱ የመጣችው አንቺን አምና ነው፤ የሙያሽም ሥነ ምግባር አይፈቅድም። ቡስት ማድረግ ጽሑፉን ብዙ ሰው እንዲያየው ያደርጋል እንጂ እንዲልከው አያደርግም፤ ጽሑፉን ሳታስተካክዪ ገንዘብ አታውጪበት።

ሁለት ነገር ልጨምር። ሐዋሳ ውስጥ እየኖርሽ በአማርኛ ብቻ መጻፍሽ ለብዙ እናቶች እንዳትደርሺ ያደርግሻል። ሲዳምኛ የሚናገሩ ባልደረቦች እንደማይጠፉሽ አምናለሁ፤ ያንኑ አጭር ጽሑፍ አንዷ በሲዳምኛ፣ አንቺ በአማርኛ፣ ከአንድ ደቂቃ ባልበለጠ የድምፅ መልእክት ቅረጹት። ማንበብ የማይችሉ አያቶች አሉ፤ ልጅ የሚያሳድጉትም ብዙውን ጊዜ እነርሱ ናቸው። ሌላው ጊዜው ነው። ስለ ወባና ስለ አጎበር የሚጻፈው ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው እንጂ ጤና ጣቢያችሁ በታማሚ ከተጨናነቀ በኋላ አይደለም። ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ለፍቼ ጨምበላላ ሰሞን ደግሞ ከየገጠሩ ብዙ ቤተሰብ ሕፃናቱን ይዞ በዓሉ ወደሚከበርበት ጉዱማሌ ስለሚመጣ፣ የመንገድ ውሃና የምግብ ንጽሕናን የሚመለከት አጭር ምስል ከበዓሉ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ቢወጣ ላኪ አያጣም።

የቅጠሉን ነገር ዝም ብለሽ እንድታልፊው አልመክርሽም። ነገር ግን ያንን ልጥፍ «ሐሰት» የሚል ጽሑፍ አድርገሽበት መልሰሽ አትለጥፊው፤ ጽሑፉ ተቆርጦ ምስሉ ብቻ ሊዞር ይችላል፤ የገጹን ስም መጥራትም ነገሩን ወደ ጠብ ይወስደዋል። ትክክለኛውን አስቀድሚ፤ ኦአርኤስና ዚንክ ምን እንደሚያደርጉ ተናገሪ፤ ከዚያ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ «ተቅማጥን በአንድ ቀን ያቆማል የሚባለው ጭማቂ ልጁ ያጣውን ፈሳሽና ጨው አይተካም» በዪ። የገጹ ባለቤቶች ሕግ እንዳለ የሚያውቁም አይመስለኝም፤ የጥላቻ ንግግርንና የሐሰት መረጃን የሚከላከለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ድርጊቱ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሲፈጸም ቅጣቱን ያከብደዋል። ይህንን ግን ለመክሰስ ሳይሆን ራስሽን ለመጠበቅ እወቂው፤ ገጽሽ ሲያድግ ያላረጋገጥሽውን የሰው ጽሑፍ መልሰሽ እንዳታጋሪ። የጤና ጣቢያሽን ስም የምትጠቅሺ ከሆነም ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት የኃላፊሽን ፈቃድ በጽሑፍ ያዢ።