እህቴ ሳትሰማ ልጨርሰው?

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፦

ትዕግሥቴ አለቀ። የሕፃናት ልብስ ልሸጥ ብዬ የተከራየሁት ሱቅ ባዶውን ኪራይ ይበላል። በኢንተርኔት ያገኘሁት የቻይናዋ ጓንዡ ከተማ ነጋዴ የላከልኝ ናሙና ስፌቱ እንኳ እንከን አልነበረውም። ሂሳቡ ከገባለት በኋላ ግን አንዴ የበዓል ዕረፍት ነው፣ አንዴ መርከብ ጠፋ ይለኛል። ዋጋ ስንነጋገር ሌሊት ሳይቀር ይመልስልኝ የነበረ ሰው አሁን አንብቦ ዝም! ክፍያውን በግለሰብ ስም ያስላከኝ በድርጅቱ በኩል ይወደዳል ብሎ ነው። የከፈለችልኝ ኩዌት ያለችው እህቴ ናት፤ በባንክ በቀጥታ ላከችለት። እንዳትጨነቅ ብዬ ዕቃው ጅቡቲ ገብቷል አልኳት። አሁን ለቀረጥና ለወደብ ማስለቀቂያ 1,400 ዶላር ጨምሪ ይለኛል። እህቴን ሌላ ምክንያት ነግሬ ላስልካት ወይስ ልበደር?

ጭንቅ የያዛት፣ ከሐዋሳ

መልስ

ልጄ፣ አንዱንም አታድርጊ። የኢትዮጵያ ቀረጥ እዚሁ ለጉምሩክ በብር ይከፈላል እንጂ ጓንዡ ለተቀመጠ ሻጭ በዶላር አይላክም። ይህን ብትከፍዪ ሌላ ያመጣብሻል። በናሙናውም አትገረሚ፤ ከገበያ ገዝቶ መላክ ማንንም አያቅተውም።

የሚያስቆጣኝ ግን ሰውዬው አይደለም። ስለ እሱ ዝምታ ይህን ሁሉ ጽፈሽ የእህትሽን ነገር በጥቂት ቃል አለፍሽው። ላኪዋ እሷ ናት። ባንኳ የተቀባዩን ባንክ ገንዘቡን መልስ ብሎ የሚጠይቀው እሷ ስታመለክት ነው። ገንዘቡ ወጥቶ ከሆነ ወይም ተቀባዩ እምቢ ካለ ላይመለስ ይችላል፤ ስለዚህ "ጅቡቲ ገብቷል" እያልሽ ያሳለፍሽው ቀን ሁሉ የጠቀመው ሰውዬውን ነው። እንዳትጨነቅ ብዬ ነው የምትይውንም አልቀበልም። የሰው ቤት ሠርታ ይሁን ቢሮ ተቀምጣ፣ በስደት ያገኘችውን ገንዘብ የት እንደደረሰ ከማንም በፊት መስማት ያለባት እሷ ናት።

ዛሬውኑ ደውዪላት። የተጻጻፋችሁትን ሁሉና የሂሳቡን ቁጥር ላኪላት፤ ብትቆጣሽም አታቋርጫት። የጭነት ሰነድ ልኮልሽ ከሆነ ደግሞ የኮንቴይነሩን ቁጥር በመርከብ ድርጅቱ ድረ ገጽ አስገብተሽ እይ፤ አራት ፊደልና ሰባት አሃዝ ነው።

ወደፊት ከቻይና ስትገዢ የድርጅቱን 18 አሃዝና ፊደል ያለው የምዝገባ ቁጥር ጠይቂ፤ የሂሳቡ ስም ከድርጅቱ ስም ካልገጠመ ተዪው። ቀሪውን ክፍያ ዕቃው ከመጫኑ በፊት በሰው ሳታስፈትሺ አትልቀቂ። ለጊዜው ግን ሱቁ ባዶ አይደር፤ ከመርካቶ ጅምላ ሻጮች በትንሹ አምጥተሽ መሸጥ ጀምሪ።