ከጭሱ መብራት ይውጣ ወይስ ውሃ ይሙቅበት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቃሊቲ ባለ አነስተኛ የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ ቦይለር ክፍል ነው የምሠራው። በቀን 400 ሊትር ገደማ ከባድ ጥቁር ናፍጣ እናቃጥላለን። ጭስ ማውጫው ላይ ቴርሞሜትር ብናስገባ 230 ዲግሪ አነበበ። በቅርቡ አንድ ነጋዴ መጥቶ «ይሄ የምትለቁት ሙቀት ገንዘብ ነው፣ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ማሽን ልትከልላችሁ» ብሎ አለቃዬን አሳመነው። እኔን ግን ልቤ እምቢ አለኝ። ያዋጣል እንዴ?

መልስ፦ ልብሽን ስሚው እህቴ። ሙቀቱ ገንዘብ ነው ማለቱ እውነት ነው። ኤሌክትሪክ ይሁን ማለቱ ላይ ነው የሳተው።

እስቲ እናስላው። አንድ ሊትር ጥቁር ናፍጣ 11 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት አለው፤ 400ው ሊትር 4,400 ማለት ነው። የጭሱ ሙቀት በ20 ዲግሪ በወረደ ቁጥር ከነዳጁ 1 በመቶ ያህል ይተርፋል። እንደፈለጉ ማውረድ ግን የለም፤ ጥቁር ናፍጣ ድኝ ስላለው ጭሱ ከልክ በላይ ሲቀዘቅዝ ሰልፈሪክ አሲድ ሆኖ ብረቱ ላይ ያልብና ይበላዋል። 150 ላይ ቁሚ። ስለዚህ የምታገኚው 80 ዲግሪ ነው፣ 4 በመቶ፣ በቀን 176 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት። በዚህ ሙቀት የሚሠራ ትንሽ ማሽን ከአስር አንዱን ወደ ኤሌክትሪክ ከቀየረ ጎበዝ ነው። 18 ኪሎዋት ሰዓት! አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ አምስት ሰዓት እንጀራ ቢጋገርበት ይጨርሰዋል። ለዚህ ነው የውጭ ምንዛሪ የሚፈለገው?

ሲሚንቶ ፋብሪካዎችስ ያደርጉት የለም ወይ ትይኝ ይሆናል። የእነሱ ጭስ 300 ዲግሪና ከዚያ በላይ ነው፣ ብዛቱም አይወዳደርም፣ እቶኑም ሌት ተቀን ይነዳል።

ያንኑ 176 ሙቀት እንደሆነ ተጠቀሚበትና በቀን 16 ሊትር ናፍጣ ነው። ለዚህ ጭስ ማውጫው ላይ የሚገባ ኢኮኖማይዘር የሚባል ዕቃ አለ፤ በጭሱ ሙቀት ወደ ቦይለር የሚገባውን ውሃ ያሞቃል፤ ጥቀርሻውን በየጊዜው መጥረግ ብቻ አትርሱ።

እኔ ብሆን ግን ከጭሱ በፊት ወለሉን ነበር የማየው። ገንዳዎቻችሁ በእንፋሎት ቱቦ የሚሞቁ ከሆነ ከስቲም ትራፑ፣ ማለትም እንፋሎቱን ይዞ ውሃውን ብቻ ከሚያሳልፈው ቫልቭ፣ የሚወጣው ፍል ውሃ ወዴት ነው የሚሄደው? ወደ ቦይ ከሆነ እሱን ወደ ቦይለሩ ውሃ ታንከር መልሱት። ወደ ቦይለር የሚገባው ውሃ በ6 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 1 በመቶ ያህል ነዳጅ ይድናል፤ ከ20 ወደ 80 ካደረሳችሁት ወደ 10 በመቶ ይጠጋል፣ በቀን 40 ሊትር ገደማ። የሚያስፈልገው ቱቦ፣ የቱቦ ልባስና ትንሽ ፓምፕ ነው። በዚያ ላይ ውሃው አንዴ የታከመ ነው፣ የኬሚካል ወጪም ይቀንሳል።

ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ውሃ 92 ወይም 93 ዲግሪ ላይ ይፈላል፣ ስለዚህ ታንከሩ መሬት ላይ ከተቀመጠ ፓምፑ ውሃ ሳይሆን እንፋሎት ይስብና መንኳኳት ይጀምራል፤ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። ሌላው፣ የገንዳው ቱቦ ከተበሳ ቀለም ወደ ቦይለር ይገባል። የሚመለሰውን ውሃ በየቀኑ በብርጭቆ ቀድተሽ እዪው።

ከገንዳ የሚደፋው ትኩስ የቀለም ውሃም አለ። አዲሱን የማጠቢያ ውሃ ሊያሞቅላችሁ ይችላል። ችግሩ ሲደፋ ባንዴ ነው፣ ያን ሰዓት ደግሞ ሙቅ ውሃ የሚፈልግ ላይኖር ይችላል። መሃል ላይ ማጠራቀሚያ ያስፈልገዋል፣ የክር ብናኝ የሚይዝ ወንፊትም ጭምር።

ለአለቃሽ በሊትር አስይ። በቀን የሚተርፈውን ሊትር በደረሰኛችሁ ዋጋና በዓመት በምትሠሩት ቀን አባዥው፣ ከዚያ ወጪውን ለዚያ አካፍዪ። የዕቃው ዋጋ በስንት ዓመት እንደሚመለስ ይነግርሻል። ነጋዴውን ደግሞ በቀን ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሚሰጣችሁ በጽሑፍ ይፈርምልን በይው።